ማህተም ያረፈበት ሰንጠረዥ

የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሻናችን የተደበደበው አንድ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የደበደቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ቦታው ከኮሌጁ በር ወረድ ብሎ ባጃጆች ተራ የሚይዙበት መታጠፊያ ነው። አንደኛው የቧንቧ ብረት ይዞ ነበር። የቴክኒሻኑ ቀኝ ክንድ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የግራ ጆሮው ጫፍ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ በኋላ ሲተነፍስ ጎኑን በመዳፉ ይደግፍ ነበር። ለዱላው ምክንያት የሆነው እኔ የሠራሁት ሰንጠረዥ ነው። ማብራራት የምወድ ሰው ነኝ፤ ተማሪ ሳይገባው ከክፍል ሲወጣ ካየሁ ቀኑን ሙሉ ይከነክነኛል። ይህን ነገር ግን እስከ ዛሬ ለማንም በቅጡ አብራርቼ አላውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ መሠረታዊ ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ገሱባ አካባቢ ነው። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በወላይትኛ ስለሆነ አማርኛን የያዝኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል በአንድ ቃል የሚያልቀውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የሚቀናኝ። ሥራዬን በሥርዓት እይዛለሁ። የፈተና ወረቀት በስም ቅደም ተከተል ካልተደረደረ ማረም አልጀምርም። ባልደረቦቼ ‘ምሳውን እንኳ በሰንጠረዥ ከፋፍሎ ነው የሚበላው’ እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ቴክኒሻኑ እኩያዬ ነው፤ ተበላ ከምትባል ከተማ ወጣ ካለ ቀበሌ ነው የመጣው። ዝምተኛ ነው። ሲቀልድ ፊቱ ስለማይለወጥ ቀልድ መሆኑ ለሰው የሚገባው ዘግይቶ ነው። የተበላሸ ኮምፒውተር ሲያመጡለት ከመንካቱ በፊት ጆሮውን አስጠግቶ የፋኑን ድምፅ ያዳምጣል።

ከሌሎቻችን የሚለየው አንድ ነገር ሊኑክስ መጠቀሙ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃና ሌላውን ሁሉ የሚያዝ ፕሮግራም አለ፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው ያለው ዊንዶውስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ሲገዛ አብሮ ይመጣል። ሊኑክስ ሌላው ነው። በነጻ ይገኛል፣ በደንብም ይሠራል፣ በኮሌጃችን ግን እርሱን ብቻ የሚጠቀም ከቴክኒሻኑ በቀር አልነበረም። ማክ የሚባለውን ያየነው በፊልም ነው። እኔ ለማስተማሪያ ስል ላፕቶፔ ላይ ሁለቱንም ጭኜ ነበር፤ ሲበራ የትኛውን ልክፈት ብሎ ይጠይቀኛል።

በሻይ ሰዓት መምህራኑ ቴክኒሻኑን አይለቁትም ነበር። በተለይ አንድ የአውቶ መካኒክ መምህር፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሳቁ እስከ ጥበቃው ቤት የሚሰማ ሰው፣ በየቀኑ አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ማን አስለመደህ ይለዋል። ከመቼ ጀምሮ ነው? ቤተሰቦችህ ያውቃሉ? ዊንዶውስን በደንብ ሞክረኸው ታውቃለህ ወይስ ጥሩ ቨርዥን አልገጠመህም? ቴክኒሻኑ ሻዩን እያማሰለ ‘ሲነጋ እተዋለሁ’ ይላል።

አንድ ቀን ይህን እየሰማሁ ሳለ ጥያቄዎቹ አዲስ እንዳልሆኑ ታወቀኝ። ወንድ ሆኖ ወንድ ስለሚወድ፣ ሴት ሆና ሴት ስለምትወድ ሰው ወሬ በተነሣ ቁጥር ሰዎች የሚጠይቁት እነዚህኑ ነው፤ አንድም ቃል አይለወጥም። ነገሩ አሳቀኝና ለመምህራኑ ነገርኳቸው። መምህር ነኝና መናገሩ አልበቃኝም፤ ተነሥቼ በመምህራን ክፍሉ ነጭ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት።

አንደኛ፣ ዊንዶውስ፦ እንደ ብዙኃኑ፤ ወንዱ ሴት፣ ሴቷ ወንድ የሚወዱ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚጠይቃቸው የለም። ‘ዊንዶውስ እጠቀማለሁ’ እንኳ አይሉም፤ ‘ኮምፒውተር አለኝ’ ነው የሚሉት። ሁለተኛ፣ ሊኑክስ፦ ወንዱ ወንድ፣ ሴቷ ሴት የሚወዱ፤ እያንዳንዱ እንግዳ ምክር ያመጣላቸዋል። ሦስተኛ፣ ሁለቱንም የጫነ፦ ሁለቱም ጋ የሚደላው፤ ከሁለቱም ወገን ቁርጥህን አሳውቅ የሚባል። አራተኛ፣ ማክ፦ ራሱን ብቻ የሚወድ። አምስተኛ፣ ምንም ያልጫነ፦ ማንንም የማይፈልግ፣ በጽሕፈት መኪና ሰላሙን የሚኖር።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የኮሌጁ ዲን ጸሐፊ ትን አላት። አንዱ መምህር ጸረ ቫይረሱስ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው ሽማግሌ መላክ ነዋ ብሎ መለሰለት። የአውቶ መምህሩ ጠረጴዛውን እየደበደበ እኔ አንደኛ ነኝ፣ ያውም ከፋብሪካ እንደወጣሁ አለ። ቴክኒሻኑ እስኪበርድላቸው ጠብቆ ‘አንድ ረስተሃል’ አለኝ። ከላይ ዊንዶውስ ሆኖ፣ በውስጡ በትንሽ መስኮት ሌላውን የሚያስኬድ አለ፤ ሰው ሲመጣ መስኮቱን ያሳንሰዋል። ሁሉም ሳቁ። እኔም እየሳቅኩ ስድስተኛ ብዬ ጻፍኩት።

በዚያው ሳምንት ዲኑ ጠርተው አዲስ ኮምፒውተሮች ሊመጡልን ነውና እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚጠቀመውን ሲስተም መዝግበህ በሰሌዳ ለጥፍ አሉኝ። መዘገብኩ። ሠላሳ የሚሆን ስም ጻፍኩና በአንጻሩ ቁጥር አደረግኩ። ቁጥሮቹን የወሰድኩት ከቀልዱ ሰንጠረዥ ነው፤ ሁለት ዓይነት ቁጥር ሰው ያደናግራል ብዬ። ከአንደኛ ውጭ የወጡት ሁለት ስሞች ብቻ ነበሩ፤ በሦስተኛ እኔ፣ በሁለተኛ ቴክኒሻኑ። ቀልዱንም አሳምሬ፣ ርእስ ሰጥቼ፣ በዚያው ፊደልና በዚያው መስመር አተምኩት። ጎን ለጎን ሲለጠፉ ያምራሉ ብዬ ነበር።

ማህተም የሌለው ወረቀት በቢሮዎቻችን መጠቅለያ ነው። ሰው ደብዳቤ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ከታች ያለውን ክብ ነው፤ ያ ካለ ከላይ የተጻፈውን የሚጠራጠር የለም። በኮሌጃችን ደግሞ ማንም ስድብ እየጻፈ ስለለጠፈ ዲኑ ማህተም ያላረፈበት ወረቀት በሰሌዳው ላይ እንዳይታይ አዘው ነበር። ወረቀቶቼን ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። ሰው በር ላይ ተሰልፎባት ስለነበር ጠረጴዛዋ ላይ የተከመረውን ወረቀት ሳታነብ እየገለጠች ታትም ነበር፤ ሁለቱንም አተመቻቸው። በቀልዱ ላይ ሰማያዊውን ክብ ሳየው አንድ ጊዜ ቆም አልኩ። ከዚያ ይበልጥ አሳቀኝ። ዓርብ ከሰዓት ጎን ለጎን ለጥፌያቸው ሄድኩ።

ማን ፎቶ እንዳነሳው እስከ ዛሬ አላውቅም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፎቶው በቴሌግራም በሰው ሁሉ እጅ ላይ ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች፣ ሁለቱ ማህተሞች፣ ከሥር ደግሞ አንድ መስመር፦ ኮሌጁ አጣርቶ ያወጣው ዝርዝር።

ሰኞ ጠዋት ያደረግኩትን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። ቢሮ ከመግባቴ በፊት፣ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሊኑክሱን ከላፕቶፔ ላይ አጠፋሁት። ከዚያ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ማሽኑን እያበራሁ አሳየሁ። በሦስተኛ የተጻፍኩት በስሕተት ነው፣ ለማስተማሪያ ነበር፣ ያውም ድሮ ነው አልኩ። አመኑኝ። ሊኑክስን ለማጥፋት አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ በዝርዝሩ ላይ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ሆነ።

በዚያው ቀን በአራት ሰዓት አንድ ድንጋይ የላቡን መስኮት ሰብሮ ገባ። የመስታወቱ ስባሪ በፊተኛው ረድፍ ኪቦርዶች ላይ ተረጨ፤ ቴክኒሻኑ ቁልፎቹን እየነቀለ በመርፌ ሲያጸዳ ዋለ። ማክሰኞ የአውቶ ክፍል ሠልጣኞች እርሱ ባለበት ላብ አንገባም ብለው ኮሪደር ላይ ቆሙ። ሠልጣኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ባለትዳር ናቸው። ሲያልፍ አንዱ ተፋበት። ረቡዕ በሻይ ሰዓት የአውቶ መምህሩ ቴክኒሻኑን በሸሚዙ ኮሌታ ይዞ ከብረት ቁም ሣጥኑ ጋር አጣበቀው።

‘ቁጥርህ ስንት ነው?’ አለው።

‘ጫማ ነው? አርባ አንድ’ አለ ቴክኒሻኑ።

አንድ ሰው ሳቀ። መምህሩ የቴክኒሻኑን አፍ በቡጢ መታው፤ ጭንቅላቱ ከቁም ሣጥኑ ጋር ሲጋጭ በላዩ ያሉት የሻይ ብርጭቆዎች ወደቁ። ስድስት መምህራን ነበርን። ብርጭቆ ያነሣን አለን፤ መካከላቸው የገባ ግን የለም። ቴክኒሻኑ ከንፈሩን በእጅጌው ጠርጎ ወጣ። እኔ ስብርባሪውን ጠረግኩ። ወረቀቶቹ ሰኞ ጠዋት ከሰሌዳው ተነሥተዋል፤ ‘የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቀልድ ነው’ ብዬ ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረኝ። ነገሩ በራሱ ይበርዳል እያልኩ ለራሴ አብራራሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ከፈተና ክፍል ወጥቼ የበሩ ጥግ ላይ ስቆም የሰማሁት ብረት አስፋልት ሲነካ የሚሰጠውን ድምፅ ነበር። ቀና ስል ቴክኒሻኑ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኳል፤ ሦስት ሰዎች ከብበውታል። ሁለቱን በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ሲሚንቶ የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው፤ ኮምፒውተር ነክተው የሚያውቁ አይመስለኝም። አንዱ ፀጉሩን ይዞ ‘ፎርማት እናድርግህ፣ ቡሽቲ’ ይለዋል። ፎርማት የሚለውን ከቴሌግራሙ አስተያየት ነው የያዘው፤ ማሽን ሲበላሽ ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ባለ ብረቱ አንድ ጊዜ ትከሻው ላይ አሳረፈ። ቴክኒሻኑ ክንዱን አነሣ።

በእጄ የሰማንያ ሰው የፈተና ወረቀት ነበር። ነፋስ ነበር። ወረቀቱን ግንቡ ላይ አስቀመጥኩ፤ እንዳይበተን ድንጋይ ፈለግኩ፤ የመጀመሪያው ትንሽ ስለሆነ ሌላ ፈለግኩና ጫንኩበት። ከዚያ ሮጥኩ። ክንዱ በመጀመሪያ የተሰበረው ድንጋይ ስፈልግ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰበር ደርሼ ስለነበር አየሁት፤ ክንዱ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጠፈ። ጆሮውን ያገኘው የጫማ ተረከዝ ነው። እኔ ባለ ብረቱን ከኋላ አቀፍኩት፤ በክርኑ ሆዴን ብሎ ጣለኝ። ባጃጅ ነጂዎቹ ቆመው ያያሉ። በመጨረሻ ያስቆማቸው እኔ አይደለሁም፤ አንዲት ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ ናት። ድንኳኗን የምትደግፍበትን እንጨት ነቅላ መሐል ገባችና በወላይትኛ ‘ገደላችሁት፣ በቃ፣ ሂዱ’ አለቻቸው። ብረቱን ይዘው እየተራመዱ ሄዱ፤ አልሮጡም።

ኦቶና ሆስፒታል ወሰድነው። ማታውን ፖሊስ መጥቶ ጠየቀ፤ ቴክኒሻኑ ሰዎቹን አላወቅኳቸውም አለ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ክስ ብመሠርት መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለኝ። ልክ ነበር፤ ሕጉ እንኳ በእንዲህ ያለ ነገር የሚፈልገው የተመታውን ነው።

ታላቅ እህቱ በማግስቱ ጠዋት ከተበላ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ናት። ኮሪደር ላይ ወስዳኝ የሆነውን ነገረችኝ። ፎቶው ቀበሌያቸው ደርሷል። ታላቅ ወንድማቸው ‘መንግሥት ካተመበት ወሬ አይደለም’ ብሏል። እስከ እሑድ እንደሚጠብቅና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመዶቹን ይዞ ሶዶ እንደሚወጣ፣ የቤተሰቡን ስም ራሱ እንደሚያጠራ በሰው ፊት ተናግሯል። ገጀራውን ሲስል አይታዋለች።

‘ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ያለውን ያደርጋል’ አለችኝ። ‘ማህተም ነው ያመጣብን። ማህተም ያለው ወረቀት አምጣልኝ።’

የቀረኝ ሁለት ቀን ነው። ላይብረሪ ገብቼ ጻፍኩ። ቆንጆ ደብዳቤ ነበር፤ አንድ ገጽ ተኩል፣ በአራት ነጥቦች የተከፋፈለ። በመጀመሪያው ነጥብ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምን እንደሆነ አብራራሁ። በመጨረሻው ነጥብ ባልደረባዬ እንዲህ ካለው ነውር የጸዳ፣ ጨዋ ሰው መሆኑን አረጋግጣለሁ አልኩ። ወደ ሆስፒታሉ ይዤው ሄድኩና አልጋው አጠገብ ቆሜ አነበብኩለት። ክንዱ በጀሶ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ነበር፤ ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተከድኗል። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

‘መጨረሻ ላይ ያለውን ማን ነገረህ?’ አለኝ።

‘የቱን?’

‘የምታረጋግጠውን። ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?’

ጠይቄው እንደማላውቅ ነገርኩት። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፤ ስለ ኬብልና ስለ ኳስ አውርተናል። አሁን ልጠይቅህ ወይ አልኩት።

‘አትጠይቀኝ’ አለ። ‘ሰንጠረዡ ቀልድ ነበር፣ የሠራሁት እኔ ነኝ በል። እሱ እውነት ነው። ስለ እኔ አንድ መስመር አትጻፍ።’

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ወንድምህን አያረካውም አልኩት። የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ‘አይደለም’ የሚል። እርሱን ብንጽፍለት ሁሉም ነገር ያልቃል።

‘አይደለም ብለህ ስታስጥለኝ፣ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበራችሁ እያልካቸው ነው’ አለኝ። መናገሩ ስላመመው ጎኑን በግራ መዳፉ ደገፈ። እህቱ ከበስተ እግሩ ተቀምጣ ነበር። እኔን ሳታይ እጇን ዘረጋች፤ ደብዳቤውን ሰጠኋት፤ አራት ቦታ ቀድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፍኩት እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። አምስት መስመር ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያጠረ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ በየመስመሩ መጨረሻ እጄ ‘ይኸውም’ ብሎ ሊቀጥል ይፈልግ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዲኑን ቢሮአቸው አገኘኋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሆስፒታል ሄደው ጠይቀውታል። ወረቀቱን አንብበው መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

‘ማህተማችን ተሳስቷል ብዬ እንዳትም ነው የምትፈልገው?’ አሉኝ።

‘ማህተሙ አይደለም ጋሼ፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው’ አልኳቸው።

‘ሕዝቡ ይህን አይለይልህም። አንዱን በስሕተት ነው ያተምነው ካልን፣ የሰጠነውን ዲፕሎማ ሁሉ የሚያምን አይኖርም።’

ሰውዬው ነገ ሊገደል ይችላል አልኳቸው። ተነሥተው በሩን ዘጉ። ከዚያ አንድ መንገድ አለ አሉኝ። ቀልዱን ክምሩ ውስጥ የከተትከው ጸሐፊዋን ለማታለል ነው ብለህ በእጅህ ጨምርበት፤ ያኔ ቢሮው የተታለለ እንጂ የተሳሳተ አይሆንም፤ አትምበታለሁ። ግን ይህን ፈርሞ እዚህ የሚያስተምር ሰው ሊኖር አይችልም፤ እሱን አስበህ ፈርም አሉኝ።

ማታለል የሚለውን ቃል ደጋግሜ አየሁት። ጸሐፊዋን አላታለልኳትም። ማህተሙን ግን አይቻለሁ፣ ስቄ ለጥፌዋለሁ፣ አራት ቀን ዝም ብያለሁ። ለዚህ የሚሆን የቢሮ ቃል ስለሌለ ማታለል የሚለውን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ዲኑ ራሳቸው ማህተሙን ከመሳቢያ አውጥተው፣ በትንፋሻቸው አሙቀው አሳረፉት።

እሑድ ከእህትየው ጋር ወደ ተበላ ወረድኩ። ከከተማው አንድ ሰዓት የሚሆን በእግር ሄድን፤ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ወደ ግቢያቸው ስንገባ ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል። ከእንሰቱ ፊት ባሉ አግዳሚዎች ላይ ስምንት ዘጠኝ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ሁለት ሞተር ሳይክሎች በሩ ላይ ቆመዋል። ታላቅ ወንድሙን ሳይነግሩኝ ለየሁት፤ አፍንጫው የቴክኒሻኑ ነው። ገጀራው ጭኑ ላይ ነበር።

በጉባኤው መሐል አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአባታቸው ታላቅ ወንድም ናቸው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም። በአውራ ጣታቸው ማህተሙን ዳሰሱና አንብብ አሉኝ። በአማርኛ አነበብኩ፣ በወላይትኛ ደገምኩ። ዲኑ ካስጨመሩኝ ጋር ስድስት መስመር ስለሆነ ቶሎ አለቀ። ሰዎቹ የሚቀጥል ነገር ያለ መስሏቸው ጠበቁ።

ሽማግሌው ወረቀቶቹን የሠራኸው አንተ ነህ ወይ አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ማህተሙ ሲያርፍበት ልጃችን አውቆ ነበር? አላወቀም አልኩ። ለሌሎቹ ዘወር ብለው፣ ስማችንን ያጠፋው ወረቀት ከሆነ ይኸው ወረቀት መጥቷል፤ ክቡም አንድ ዓይነት ነው አሉ። ሁለት ሦስቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ወደ ኪሱ መለሰ።

ወንድሙ ተነሣ። ገጀራውን በእጁ ይዞ ፊቴ ቆመ፤ የትንፋሹ ሙቀት ይሰማኝ ነበር።

‘ወረቀቱን ተወው’ አለኝ። ‘አንተ ታውቀዋለህ። ነው ወይስ አይደለም?’

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ ብናገረው ተቀምጦ ውኃ ያጠጣኝ ነበር፤ እኔም ሁሉንም በደንብ ያብራራሁ መስሎኝ እመለስ ነበር። እህቱን አየኋት። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

‘አልጠየቅኩትም’ አልኩ። ‘የጻፍኩት ስለ ሰንጠረዡ ነው።’

በገጀራው ጎን መታኝ። ስለቱ ቢሆን ይህን አልጽፍም ነበር። መንጋጋዬ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁት፤ ከሕመሙ በፊት የመጣው ድምፁ ነው። ስወድቅ አፌ በደምና በአፈር ተሞላ፤ ሁለት ጥርስ በምላሴ አገኘሁ። በእግሩ ጎኔን ደገመኝ፤ ከዚያ አንገቴን በጫማው ረግጦ ገጀራውን አነሣ። አሁን ስለቱ ወደ ታች ነበር። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሡ ምርኩዛቸውን ዘርግተው በእኔና በብረቱ መካከል አኖሩት።

‘ነገሩን የሠራው ሰው ተመቷል’ አሉት በወላይትኛ። ‘ደሙም እዚሁ ግቢህ ላይ ፈስሷል። ከዚህ በኋላ የምትመታው ዕዳህ ይሆናል፤ እኛ አንሸከምልህም።’

ወንድሙ ቆመ። ገጀራውን ከፍ እንዳደረገ ዘመዶቹን ዞሮ አየ። ሌሎቹ ወንዶች መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ አንዱም ሊረዳው አልተነሣም፤ ይህ መሰለኝ የበረደው። እግሩን ከአንገቴ ላይ አነሣ። ገጀራውን ለሽማግሌው ሰጣቸው። ወንድሜን ይቺን ደጅ ሲረግጥ እንዳላየው አለ። ሽማግሌው አታየውም አሉት። ያ ነው የተደረሰበት ስምምነት፤ ሌላ የተጻፈ የለም። ገጀራውን ለእህትየው አቀበሏት፤ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ሲሄዱ በደጃፉ ጥላ ተቀምጬ አፌን በሻሽ ይዤ ነበር። ሞተር ሳይክሎቹ ተነሥተው ወደ ገበያው መንገድ ታጠፉ፤ የሶዶው መንገድ በሌላ በኩል ነው። እህትየው ወጥታ ድምፃቸው እስኪጠፋ አዳመጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ከወዲያ ማዶ ቴክኒሻኑ ሲያነሣው ሰማሁ፤ የሚለው ግን አይሰማኝም ነበር። ብዙ ጠየቃት መሰለኝ፤ ሁሉንም አልመለሰችለትም።

‘አይመጡም’ አለችው። ‘ልብስህን ላምጣልህ። ወዴት እንደምትሄድ አስብ።’

ስልኩን ዘግታ የወንድሟን ልብስ ልትሰበስብ ወደ ቤት ገባች።